ጠርቶ «አልጠራሁም» ያለ ሰው

አራጌ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሞት በደረሰ ቁጥር፣ ከደጅ ደጅ እየዞረ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። በሌላ አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ጥሩንባ ነፍቶ አባላቱን ለቀብር የሚጠራው ሰው ደግሞ ለፋፊ ይባላል። የእኛ ቅሬ ከጎብዬ ወደ ቆቦ ከሚወስደው አስፋልት በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ወደ ዞብል ተራራ በሚዘልቅበት በኩል የሚገኙ ሰባ አራት ቤቶችን ያቀፈ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ደንብ ይተዳደራል። የክርስቲያኑን መቃብር ሙስሊሙ ይቆፍራል፤ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ የሚያደርሳት ቅሬው ነው፤ የታመመን ሰው ማሽላ የሚያጭደው፣ ጎርፍ የናደውን ቦይ የሚጠግነው፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ጎጆ የሚቀልሰውም ቅሬው ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱም ያለ አራጌ እግርና ጉሮሮ አይንቀሳቀስም ነበር።

ሥርዐቱ ቀላል ነው። ለፋፊው በመጀመሪያ ቅሬው ከሚሰበሰብበት ሾላ ሥር ቆሞ ሦስት ጊዜ ጥሩንባውን ይነፋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ደጅ ድረስ ሄዶ የቤቱን ባለቤት በስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የሞተውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ከውስጥ «ሰማሁ» የሚል ድምፅ ሳይመጣ ከደጁ አይነሣም። ስልክ ለምን አትደውሉም የሚሉን የከተማ ሰዎች አሉ። ስልክ ለወራት የሚጠፋበት አገር መሆኑ ይቅርና፣ «አልገባልኝም» የሚል ሰው ማለቂያ የለውም። ደጁ ላይ ስሙ ሦስት ጊዜ ለተጠራ ሰው ግን ማመካኛ የለውም።

አራጌ ረጅም፣ ደረቅ፣ ፈጣን ሰው ነበር። ለቅልጥሙ እንጂ ለወገቡ ሥጋ ያልተረፈው ይመስላል። ግማሽ ሄክታር የማሽላ መሬት አለው፤ ልጅ አልወለደም። በሰባ አራቱም ቤት ያሉ ውሾች ያውቁታል፤ አይጮኹበትም፤ ጭራቸውን እየቆሉ ወጥተው እስከሚቀጥለው አጥር ይሸኙታል። ጥሩንባ መንፋት በማይቻልበት የጦርነቱ ወራት እንኳ አጥር በበትር እየቆረቆረ በሹክሹክታ ስም ይጠራ ነበር። ያን ጊዜም አንድ በር አልዘለለም።

ከቀብሩ በኋላ በሚውለው እሑድ ቅሬው ከሾላው ሥር ይሰበሰባል። የቀሩት ሰዎች ስም ይነበባል። የቅሬው ዳኛ ለፋፊውን አስነሥቶ «ጠርተኸዋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለፋፊው የሚመልሰው አንድ ቃል ነው። ምስክር አይቆጠርበትም፤ ይግባኝ አይባልበትም። ተጠርቶ ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ሦስት ዓመት ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው የደንቡን ቃል እንዳለ ላስፍረው፦ «እሳት አይጫርለትም፤ ውሃ አብሮ አይቀዳም፤ ሞት ቢደርስበት አይቀበርለትም። ይህን ተላልፎ የተገኘ አባል አንድ ዓመት ይወጣል።»

ይህን ደንብ በጽሑፍ ያረቀቅሁት የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ምክንያት ነበረው። ከአራጌ በፊት የነበረው ለፋፊ የተቀየመውን ሰው ቤት እየዘለለ ያልፍ፣ እሑድ ሲጠየቅ ደግሞ «ጠርቻለሁ» ይል ነበር። ሁለት ቤተሰብ በዚህ ውሸት ከቅሬ ወጣ፤ ነገሩ ሲገለጥ ጠብመንጃ ተማዘዙ። ስለዚህ አንቀጽ ጨመርሁ፦ «ቤት የዘለለ ለፋፊ ከሥራው ይነሣል፤ አንድ ዓመትም ከቅሬ ይወጣል።» ለፋፊ ዘልሎ «ጠርቻለሁ» እንዳይል በሚቻለው ሁሉ አጥብቀን አሰርነው። ጠርቶ «አልጠራሁም» የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በአንድ ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ማክሰኞ ቀን አንድ ሽማግሌ ሞቱ። አራጌ እንደ ወትሮው ዞረ። ከዞረባቸው ደጆች አንዱ የየሻረግ ነበር። የሻረግ ባሏን በጦርነቱ ያጣች፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ በመስኖ እርሻዎቹ ላይ የሽንኩርት አረም እያረመች በቀን ሥራ የምትኖር ሴት ናት። ወንድ የሌለበት ቤት መቃብር እንዲቆፍር አይገደድም፤ ሴቲቱ ለለቅሶው ቤት ሁለት ጀሪካን ውሃ ትወስዳለች፤ እስከ ቀብሩ ፍጻሜም ትቆያለች። የሻረግ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀርታለች፤ አንዴ ልጅ ታሞባት፣ አንዴ ሽንኩርት ላይ ውላ። አንድ ቀን የቀረች ሠራተኛ በማግሥቱ ቦታዋን ሌላ ይዞባት ታገኛለች። ይህ ሦስተኛዋ ነበር።

አራጌ ሲጠራት መኮትኮቻዋን ይዛ ልትወጣ ደጁ ላይ ነበረች። ፊት ለፊት ተያዩ። ደንብ ነውና ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራ። «ሰማሁ» አለችው። እሱ ወደሚቀጥለው ቤት፣ እሷ ወደ ሽንኩርቱ ሄደች። ይህን በኋላ የነገረኝ ራሱ አራጌ ነው።

እሑድ ከሾላው ሥር ተሰበሰብን። ዳኛችን ከማሉዲን ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ከማሉዲን የገዛ ወንድሙን ከቅሬ ያስወጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ማንም ደፍሮ «አዳላህ» አይለውም።

«የሻረግ!»

«አለሁ።»

«ማክሰኞ የት ነበርሽ?»

«ሽንኩርት ላይ።»

«እንግዲህ ሽንኩርቱ ይቅበራታ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ዝም በሉ!» አለ ከማሉዲን። «ሦስተኛሽ ነው፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አራጌ፣ ተነሥ። ጠርተሃታል?»

አራጌ ጥሩንባውን በብብቱ ይዞ ተነሣ። የሻረግን አላያትም፤ ሾላውን አየ።

«አልጠራኋትም» አለ።

«ምን አልህ?»

«ቤቷን ዘለልሁ። ዝንጋታ ነው።»

ከማሉዲን ከድንጋዩ ተነሥቶ ቆመ። «አያ አራጌ፣ በሃያ ሰባት ዓመት አንድ በር ዘለህ አታውቅም። ወላሂ፣ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ አልዘለልህም። ዛሬ ነው የምትዘለው?»

«ሰው ያረጃል፣ ከማሉዲን።»

«ማሚቴን አልጋ ላይ አስተኝተህ ነው እንዲህ የምትለው? ሁለተኛ እጠይቅሃለሁ። ጠርተሃታል ወይስ አልጠራሃትም?»

«አልጠራኋትም አልሁ እኮ።»

ማሚቴ የአራጌ ሚስት ናት። ያን ጊዜ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከዋለች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። እንደማትነሣ ሁሉም ያውቃል። ከማሉዲን የጠየቀው ይህን እያወቀ ነው፤ አራጌም የመለሰው ይህን እያወቀ ነው። የሻረግ ብትወጣ ሦስት ዓመት ነው፤ እሱ ቢወጣ አንድ ዓመት ነው። የእሷ ቤት ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉ፤ የሱ ቤት አንዲት በሽተኛ። ማሚቴ አንዱን ዓመት ትዘልቀው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። ሰውየው በሚስቱ ቀብር ተወራርዶ ቆመ።

ከማሉዲን ወደ የሻረግ ዞረ። «አንቺስ? ጠርቶሽ ነበር?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ሊቀና ይችል ነበር። የሻረግ ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች። ልጆቿን አሰበች ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ግን ለእሷም ለእኔም መከላከያ አይሆንም።

«አልሰማሁም» አለች።

ጥሩንባውን ተቀበሉት። ከማሉዲን ቀኑን አስጻፈ፦ ታኅሣሥ ሃያ አንድ። እስከሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ ሃያ አንድ አራጌ ከቅሬ ወጣ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ማሚቴ ምላሷ ከጎኗ ጋር አልሞተም ነበር። ቀደም ሲል ቆቦ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ፣ ዋጋ የሚያወርድባትን ሰው በአንድ ቃል አሳፍራ የምትመልስ ሴት ነበረች። አራጌ እጁ ባዶ ሆኖ ሲገባ አየችው።

«ጥሩንባህስ?»

«ወሰዱት።»

«ምን ብለህ?»

ነገራት። ከእሷ የደበቀው ነገር ኖሮ አያውቅም።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «የሰው በር ስታንኳኳ ኖረህ የእኔን በር ዘጋህ በለኛ!»

«አንድ ዓመት ነው፣ ማሚትዬ።»

«ለማን ነው አንድ ዓመት የሆነው? አንተ በእግርህ ትቆጥረዋለህ፤ እኔ በጀርባዬ ነው።»

«ትቆያለሽ።»

«እስከ ታኅሣሥ ሃያ አንድ እንዳልሞት ያንን ደንብ ጸሐፊ አንቀጽ ያውጣልኝ። ጽሑፉ ያምራል ይላሉ።» ቀጥላ «ለመሆኑ ልጅቱ ምን አለች?» አለችው።

«አልሰማሁም አለች።»

ማሚቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እንዲያ ከሆነ እኔም አልሰማሁም» አለች። ሌሊቱን ሙሉ ግን እንዳልተኛች አራጌ ነግሮኛል።

በሳምንቱ ከማሉዲን መጣ። ዳኛው ከቅሬ የወጣ ሰው ግቢ ገባ እንዳይባል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ። አራጌ ከውስጥ ቀረበ፤ በመካከላቸው የእሾህ አጥር አለ።

«አያ አራጌ፣ እውነቱን ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። ጠርቻታለሁ በልና ነገ ጥሩንባህን ውሰድ።»

«እሷስ?»

«እሷማ ትወጣለች። ሦስት ጊዜ ቀርታለች።»

«ሦስት ዓመት! አንዱ ልጅ ቢሞትባት ማን ይቆፍርላታል? በጥፍሯ ነው?»

«ማሚቴ ብትሞትብህስ? አንተ በጥፍርህ ነህ?»

«ማሚቴ ዓመት ትቆያለች።»

«የአላህን ሥራ አንተ ነህ የምትቆጥረው?»

ከማሉዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ብምርህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወንድሜ ወጥቶ ሳለ ልጁን ያለ ቅሬ ቀብሯል። ለአንተ ሲሆን ደንቡ ከለዘበ፣ ለሱ ምን እለዋለሁ? ለፋፊ ቤት ዘለልሁ ብሎ በሸንጎ ተናግሮ ሳይቀጣ ቢቀር፣ ነገ የሚመጣው ለፋፊ እንደ ልቡ ይዘላል።»

«ልክ ነህ» አለ አራጌ።

«ልክ ነህ ትለኛለህ?»

«ልክ ነህ እንጂ። እኔም ብሆን እንዳንተ እፈርድ ነበር። ደግሞስ ዛሬ ጠርቻታለሁ ብል፣ ያኔ አልጠራኋትም ያልሁት እኔው ነኝ። ሁለት ቃል ያለውን ለፋፊ የሚያምነው ማን ነው? ሂድ፣ ሰው እንዳያይህ።»

ከማሉዲን ሄደ። ይህን ውይይት ሁለቱም፣ በተለያየ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ነግረውኛል፤ ስለዚህ አምነዋለሁ።

ዓመቱ ጀመረ። አራጌ ሰው ከሚቀዳበት ቦኖ መቅዳት ስላልቻለ ውሃ ፍለጋ ጎሊና ወንዝ ድረስ ይወርድ ነበር፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ማሚቴ ብቻዋን ትተኛለች። ማሽላውን ብቻውን ኮተኮተ፤ ወፍ ብቻውን ጠበቀ። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች ሰላምታ ቢያቀርቡለት በደንቡ አይከለከሉም ነበር፤ ሰላምታ የሚከለክል አንቀጽ የለም። አብዛኞቹ ግን ለጥንቃቄ ሲሉ ከደንቡ አልፈው ሄዱ። የሻረግ በሩቁ ስታየው መንገድ ትለውጥ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ለየት አለ። ጎረቤቱ ኢብሮ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ከአራጌ አጥር ሥር፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተቀምጦ ይገኛል። ከማሉዲን ደርሶበት ጠየቀው።

«አባ ኢብሮ፣ ይህ የማን ጀሪካን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ረስቼው ነው። አረጀሁ እኮ፣ ልጄ። አሁን አንተንስ ማን አልሁህ?»

የረሳውን ጀሪካን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ በማግሥቱ ሞልቶ ይረሳዋል። የመርሳት ቅጣት ስላልጻፍሁ ከማሉዲን ምንም ሊያደርግ አልቻለም።

በአራጌ ፈንታ ለፋፊ የሆነው ደሳለኝ የሚባል የባጃጅ ባለቤት ነው። በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ባጃጁ ላይ ሰቀለ። በሦስቱ መንገዶች አንድ ጊዜ እየነዳ አልፎ፣ ለሰባ ሦስት ቤት የሚበቃ ጩኸት በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። ስም አይጠራም፤ «ሰማሁ» የሚለውንም አይጠብቅም። ወጣቶቹ ሥልጣኔ ነው አሉ። እኔ ደንቡን ይቃረናል አልሁ፤ ሆኖም ድምፄን ከፍ አድርጌ አላልሁም።

ማሚቴ ክረምቱን አለፈች። መስከረምን አለፈች። ጥቅምት ላይ ምግብ መዋጥ አቃታት፤ ቀን ግን ትቆጥር ነበር። አራጌ ከወንዝ ሲመለስ «ስንት ቀረን?» ትለዋለች። «ሃምሳ» ይላታል። «ምን ያዘገየዋል? አንድ ሁለት ቀን ቀንስልኝ፤ ለሰው ስትል መዋሸት የምትችልበት ጊዜ ነበር!» ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። ያ ሳቅ እስከ እኔ ደጅ ቢሰማ ኖሮ እንዴት እችለው ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ኅዳር ሃያ ስምንት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ማሚቴ ዐረፈች። ሃያ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር።

አራጌ ሬሳውን ብቻውን ገንዞ፣ ዋጃ ለሚኖረው ወንድሟ በሚኒባስ ሾፌር መልእክት ሰደደ። ለቄሱም ነገረ፤ ቄስ የቤተ ክርስቲያን እንጂ የቅሬ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነገር ማንም አልጠበቀም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ከቤቱ ወጣ። ከሾላው ሥር ሄዶ ቆመ። ጥሩንባ የለውም፤ ሦስት ጊዜ ጥሩንባ የሚነፋበትን ጊዜ ያህል ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያም ከመጀመሪያው ደጅ ጀመረ።

በየደጁ ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። «ማሚቴ ዐርፋለች። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለ። «ሰማሁ» የሚለውን ድምፅ እየጠበቀ ቆመ። ድምፅ አልመጣም። የማሽላ አጨዳ ወቅት ነበርና ማለዳ ሁሉም ሰው ማጭዱን እየሳለ በየቤቱ ነበር። በየደጁ የቆየው ከቀድሞው አያንስም አይበልጥም። ውሾቹ ግን ደንብ አያውቁምና ወጥተው እስከሚቀጥለው አጥር ሸኙት።

ወደ እኔም ደጅ መጣ። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠራ። ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት በመካከላችን ነበር፤ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። «ሰማሁ» ማለት በደንቡ አይከለከልም፤ የሚከለከለው መሄድ ነው። ይህንንም ከማንም አስበልጬ አውቀው ነበር። አፌ አልተከፈተም።

ሰባ ሦስቱንም ቤት አዳረሰ። ሁለት ሰው ብቻ መለሰለት። አንዱ ኢብሮ ነው፤ «ሰማሁ፤ ዶማዬን ልያዝ» አለ። ሁለተኛዋ የሻረግ ናት። ስሟ ሦስተኛ ሲጠራ ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ሰማሁ» አለች። አራጌ ነገሩን ሲነግረኝ እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ትመጣለች ብዬ ነበር» አለኝ።

መቃብሩን የቆፈሩት ኢብሮና የማሚቴ ወንድም ናቸው። ቃሬዛው የቅሬ ንብረት ስለ ሆነ ሬሳው ከነአልጋው ተነሣ። ወንድሟ ከዋጃ ሁለት ሰው ይዞ መጥቷል፤ አራተኛው እግር ባዶ ስለ ነበር አራጌ ራሱ ያዘው። ሐዘንተኛ የሬሳ አልጋ መሸከሙ በእኛ አገር ነውር ነው። ቄሱና ዲያቆኑ ከፊት፣ ኢብሮ ዶማ ተሸክሞ ከኋላ ሄዱ። በማሽላው ውስጥ ያሉ ሰዎች አጎንብሰው ያጭዱ ነበር፤ ሬሳው ሲያልፍ ቀና ያለም ነበር፣ ቀና ያላለም ነበር። «ቀባሪ አያሳጣህ» በምንባባልበት አገር፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቀባሪ የጠራ ሰው ሚስቱን በሰባት ሰው ቀበረ። የሻረግ አልመጣችም። ያን ዕለት ሽንኩርት ላይ ውላለች።

በሚቀጥለው እሑድ ኢብሮ ተጠየቀ።

«ቀብር ሄደሃል?»

«ሄጃለሁ።»

«ረስቼው ነው አትልም?» አለ አንዱ ሊያግዘው ፈልጎ።

«የለም፤ ይህንንስ አልረሳሁትም» አለ ኢብሮ።

አንድ ዓመት ወጣ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ደረሰ። በዚያ ጊዜ የደሳለኝ ማጉያ ቅሬውን አውኮት ነበር፤ በየቀብሩ ሃያ ሠላሳ ሰው ይቀራል፤ ሲጠየቅ «ነፋስ ወሰደው፤ አልሰማሁም» ይላል፤ ደሳለኝም ማንን እንደ ጠራ አያውቅም። ከማሉዲን አራጌን አስጠርቶ ጥሩንባውን በሁለት እጁ ሰጠው።

«አያ አራጌ፣ አውፍ በለን፤ ይቅር በለን። የምትናገረው አለህ?»

«የለኝም።»

«ትቀበላለህ ወይ?»

አራጌ ጥሩንባውን አገላብጦ አየው። «ካልተቀበልሁ እኔንስ ማን ይቀብረኛል?» አለ። ተቀበለ። አንዳንዶች ተንፈስ ብለው ሳቁ፤ የቀለደ መስሏቸው ነበር።

በጥር አንዲት አሮጊት ሞተች። ጥሩንባው ከሾላው ሥር ሦስት ጊዜ ተነፋ፤ ስማችን በየደጃችን ተጠራ፤ ሁላችንም «ሰማሁ» አልን። እኔ ከሌሎቹ ጮክ ብዬ አልሁ። እሑድ የቀሩት ሰዎች ስም ሲነበብ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«የሻረግ፣ የት ነበርሽ?»

«ሽንኩርት ላይ።»

«አምና የተሰረዘልሽን ትተን፣ ሁለት ነበረብሽ። ይህ ሦስተኛሽ ነው። አራጌ፣ ተነሥ። ጠርተሃታል?»

አራጌ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ሾላውን አላየም፤ እሷን አያት። እሷም ቀና ብላ አየችው። በዓይኗ የጠየቀችውን ሁላችንም አነበብነው።

«ጠርቻታለሁ» አለ። «ሰማሁ ብላለች።»

ከማሉዲን ምናልባት ሁለተኛ ሊጠይቀው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን እውነት ሁለተኛ አይጠየቅም። የሻረግ ሦስት ዓመት ወጣች። ተነሥታ ስትሄድ ማንም «ሽንኩርቱ ይቅበራት» አላለም።

ቂም ነው ያሉ አሉ፤ ድሮውንም እንዲህ መመለስ ነበረበት ያሉም አሉ። እኔ ጠየቅሁት። «ውሸት የነበረኝ አንድ ነው፤ እሱንም ማሚቴ ይዛው ሄደች» አለኝና ስለ ማሽላ ዋጋ አወራ። ደንቡ ይሻሻል ብዬ በዚያ እሑድ ልናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርሁም። ደንቡ እንደ ጻፍሁት አለ።

አራጌ ዛሬም ይዞራል። ከሰባ አራቱ ቤት ሁለቱ ከቅሬ ወጥተዋልና በደንቡ ይዘልላቸዋል። በኢብሮ ደጅ ሲያልፍ ከአጥሩ ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን ያስቀምጣል፤ ቢጠይቁት ረስቼው ነው ይላል። በየሻረግ ደጅ ሲያልፍ ግን አይቆምም። ውሻዋ እንደ ቀድሞው ጭራውን እየቆላ ይወጣል፤ ስም እስኪጠራ ይጠብቃል። አራጌ ጥሩንባውን በብብቱ እንደ ያዘ ያልፋል፤ ውሻው እስከሚቀጥለው አጥር ይሸኘዋል።